ጋሽ ኢያቄምን ልሰናበት ወደ ሜልበርን

ከሜልበርን ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካንጋሮ ነው። ካንጋሮ አላየሁም። የሄድኩት በሞት አፋፍ ላይ ያለ ወዳጄን ልሰናበት ስለነበር ያየሁት አንድ ሰፈር፣ አንድ ወንዝና አንድ የሕመምተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም እዚያ የማትደርሱ ብዙዎች ናችሁና፣ የሆነውን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ወዳጄ ዮአኪም ሬደር የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ የባሕር ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ። ሥራው ባሕር ላይ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ማዕበሉ እንዴት እንደሚነሣ ለመርከቦች አስቀድሞ መንገር ነው። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ባሕርን ደግሞ ከእሱ። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ፣ የአየር ጠባይ ጣቢያው ውስጥ ተቀጥሬ ስሄድ አለቃዬም አስተማሪዬም እሱ ነበር። የወደቡ ሰው ዮአኪም ማለት ሲከብደው ኢያቄም አለው፤ ጋሽ ኢያቄም ሆኖ ቀረ። አማርኛ ለምዶ ነበር፤ "አንቱ" የምትለዋ ነገር ግን ጨርሶ አልገባችውም። የወደቡን ሹም ሳይቀር "አንተ" ይል ነበር፤ እኛም "አንተ" እንድንለው አስገደደን። ሚስቱ ወይዘሮ ኤልከ ነርስ ነበሩ፤ እኔን በወባ ስንቀጠቀጥ ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። ማቲያስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ትከሻዬ ላይ አስቀምጬው ወደቡን አዞረው ነበር፤ ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዞ "ቀኝ! ግራ!" እያለ ያዝዘኝ ነበር።

በኋላ ኮንትራቱ አለቀ፤ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ። እኔም ዘመን ተገላብጦ አዲስ አበባ ገባሁ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውልልኝ ነበር። ልጄ ሕሊና ተድራ ሜልበርን ስትሄድ አየር ማረፊያ ከባሏ ጋር ሆኖ የተቀበላት፣ መኪና መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሕሊና ደወለች።

"አባዬ፣ ጋሽ ኢያቄም ሳንባው እያለቀ ነው። ሆስፒታል አልገባም ብሏል። አንተን ይጠይቃል፤ ቲኬቱን ቡክ አድርጌያለሁ፣ ቪዛህን ብቻ ጨርስ።"

ጨረስኩና ሄድኩ።

እሑድ ማለዳ ሜልበርን ገባሁ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው። እዚያም ሐምሌ ክረምት ነው፤ የእኛ ግን በእኩለ ቀን ወርዶ ይወጣለታል፣ የእነሱ ቀኑን ሙሉ እየቆነጠረ አጥንት ድረስ ይገባል። ሻንጣዬ አልመጣም። ዱባይ ላይ ከእኔ ተለይቶ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ውስጡ ጥቁር ሙሉ ልብሴ ነበር። የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ የቀብር ልብስ መያዝ ያሳቅቃል፤ ግን ይዤ ነበር። የሕሊና ባል ታሪኩ ነገሩን ሲሰማ የራሱን ካፖርት አውልቆ አለበሰኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን ውጦ አስቀራቸው።

የሚኖሩት ፍሌሚንግተን ነው፣ ሐበሻው "ኮሚሽን" ከሚለው የመንግሥት ፎቅ ላይ። እንደኛ ኮንዶሚኒየም ነው ልበል፤ ሊፍቱ ግን ይሠራል። በሊፍቱ ውስጥ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ኤርትራዊው፣ ቬትናሙ አብሮ ይወጣል፤ ማንም ማንንም አያይም። የልጅ ልጄ ሶስና በሩን ከፈተችልኝ። በአማርኛ ስጠይቃት ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የራሷን ክፍል ለቃልኝ እሷ ሳሎን ተኛች። ግድግዳው በሙሉ የፈረስ ሥዕል ነበር።

ሰኞ ሕሊና ከሺፍቷ በፊት ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ማሪቢርኖንግ ነው፣ ከወንዙ በላይ ቁልቁለቱ አናት ላይ ያለች የጡብ ቤት። ጋሽ ኢያቄም ወደ ምዕራብ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ተኝቷል። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ነው። ያ በር ጎንበስ ብሎ ይገባ የነበረ ሰው አልጋው ውስጥ እንደ ልጅ አንሷል።

"መጣህ፣" አለኝ በአማርኛ።

"መጣሁ፣ ጋሽ ኢያቄም።"

"ነፋሱ ከየት ነው?"

ስገባ ልብ አላልኩትም ነበር። ወጥቼ ዛፎቹን አየሁና ተመለስኩ። "ከሰሜን።"

"እንግዲያስ ነገ ከደቡብ ምዕራብ ይዞርና ይበርዳል። እዚህ እንዲህ ነው።" ዐይኑን ጨፍኖ ትንሽ ከተነፈሰ በኋላ "አሁንም ጴንጤ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"በልብህ እንደፈለግክ ጸልይ። በድምፅ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አይሆንም። ስቀበርም አይሆንም። ለምታስታምመኝ ነርስም፣ ለጠበቃዬም ነግሬያለሁ።"

በልቤ ጸለይኩ። አሜን ያልኩትም በልቤ ነው።

ማክሰኞ ብቻዬን ልሂድ ብዬ ጉድ ሆንኩ። እዚያ መኪናም፣ ትራም የሚሉት የከተማ ባቡርም የሚሄደው በግራ ነው። እኔ አገሬ እንደለመድኩት ቆሜ የመጣውን ትራም ተሳፈርኩ፤ ወደ ማሪቢርኖንግ በመውሰድ ፈንታ መሀል ከተማ ፎቆች ሥር አወረደኝ። ዝናቡ እንደተባለው ከደቡብ ምዕራብ ዞሮ በጎን ይመታል። ግራ ተጋብቼ ስቆም አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት መጣችና "አባባ፣ ሐበሻ ነዎት?" አለችኝ። የሐረር ልጅ ናት፤ ቤቷ ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛዋ እንደኔው የተማረችው ነው። መንገድ ትነግረኛለች ስል እጄን ይዛ ተሻገረች፣ ትራም ውስጥ አብራኝ ገባች፣ አስኮት ቬልን አልፈን ማሪቢርኖንግ ድረስ ወሰደችኝ።

"ሥራ አትሄጂም?"

"ሺፍቴን ሌላ ሰው ይይዝልኛል። አባቴ ቢጠፋ ማን ያደርሰዋል?"

ስሟን ሳልጠይቃት በመጣችበት ትራም ተመለሰች።

በዚያ ቀን ጋሽ ኢያቄም ትንሽ በርታ ብሎ ነበርና ስለ ልጅነቱ ነገረኝ። አሰብ ሳለን ስለ ራሱ ተናግሮ አያውቅም ነበር። የተወለደው ባልቲክ ባሕር ዳር ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ክረምት እናቱ እሱንና ታናሽ እህቱን ይዘው በመርከብ ሸሹ። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ መርከቡ ከላይ በረዶ ጋግሮ ነበር። ትንሿ ልጅ እናቷ እቅፍ ውስጥ በብርድ ሞተች።

"መርከበኞቹ ወሰዷትና ወደ ባሕር ለቀቋት፣" አለ። "ወደብ በገባን ማግሥት ብርዱ ተሰበረ። ውኃው ሐይቅ መሰለ። ትንሽ ቆይተን ብንነሣ ኖሮ ትተርፍ ነበር። ያን የሚነግረን ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልፈለግኩም።"

ተምሮ እንደወጣ ሰሜን አትላንቲክ ላይ በቆመ መርከብ ነው ሥራ የጀመረው። መርከቡ ወደየትም አይሄድም፤ ባሕር መሀል እየተናጠ ነፋሱንና የአየሩን ግፊት ለክቶ ወደ የብስ ይልካል።

"የማይሄድ መርከብ?" አልኩት።

"የማይሄድ መርከብ። እንደ አህያ የታሰረ።" ሳቀና ሳሉ ያዘው፤ ነርሷ መጥታ እስክታቀናው ድረስ ፊቱ ጠቆረ።

ከአሰብ ቀጥሎ ቀሪ ዕድሜውን የሠራው በሜልበርን ነው። ደቡብ ባሕር ላይ ለሚያልፉ መርከቦችና በዚያ ዳርቻ ለሚያጠምዱ ጀልባዎች ትንበያ ይጽፍ፣ አንዳንዴም ራሱ በሬዲዮ ያነብ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በድምፁ ለይተው "ጀርመኑ ተመለሱ ካለ እንመለስ" ይሉ እንደነበር ነርሷ ነገረችኝ፤ አጎቷ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ረቡዕ ሕሊና የላከችለትን የአጃ ሾርባ ትንሽ ቀምሶ አስቀመጠው። ስለ ማቲያስ እኔ አልጠየቅኩም። በዚያ ሁሉ ዓመት በስልክ "ባሕር ወሰደው" ከማለት በቀር ምንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ራሱ ጀመረ።

"እኛ ቤት ሕግ ነበር። ስለ አየር አይወራም። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ነፋስ፣ ነፋስ። ቤት ስገባ በቃ። ሕጉን ያወጣችው ኤልከ ናት፤ እኔም ወደድኩት።"

ማቲያስ አድጎ ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የሚያጠምዱባት ትንሽ ጀልባ ነበረቻቸው። አንድ ማለዳ ጋሽ ኢያቄም ለሥራ ሲወጣ፣ ከበሩ ጀርባ የሚቀመጠው የማቲያስ የባሕር ቦት ጫማ ቦታው ላይ የለም።

"ባዶውን አየሁት፣" አለኝ። "ከዋዜማው የሠራሁት የአየር ካርታ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደሚዞር አውቃለሁ። ጫማው እንደሌለም ዐይኔ አይቷል። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። በሩን ዘግቼ ሄድኩ።"

ቢሮው ገብቶ ማስጠንቀቂያውን ጻፈ፤ በሬዲዮ ተነገረ። የሰሙት ጀልባዎች ተመለሱ። የእነማቲያስ ጀልባ አልተመለሰችም። በኋላ አንድ ሳንቃ ብቻ ዳር ወጣ።

"በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትክክል ሆኜ አላውቅም፣ ደሳለኝ። ነፋሱ ባልኩት ሰዓት ዞረ፣ ባልኩት ኃይል መታ። ባልደረቦቼ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ከአንዱ አፍ 'ትንበያህ ልክ ነበር' የሚል ቃል አመለጠ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራ ገባሁ። ባሕሩ ሥራ አላቆመም። ኤልከ 'ለመርከብ ሁሉ ነገርክ፣ ለልጅህ አልነገርክም' አለችኝና ሄደች።"

"ጫማው እንዳልነበረ ማየትህን ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም። እሱን ነው ልነግራት የምፈልገው። ሂድና ጥራልኝ። ነገሩን ግን አንተ አትንገራት፤ የምናገረው እኔ ነኝ።"

ሐሙስ ታሪኩ ከሥራ አስፈቅዶ በመኪናው ወሰደኝ። ወይዘሮ ኤልከ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ከተራራ ግርጌ ነው የሚኖሩት። ረጅም መንገድ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ባይሆንም ከተማው አያልቅም፣ ቤት በቤት ሆኖ ይቀጥላል። ለምን እዚያ ድረስ እንደራቁ የገባኝ ስደርስ ነው። ባሕር ከየትም አቅጣጫ አይታይም።

በሩን ከፍተው አዩኝ። "ደሳለኝ። ሸመገልክ፣" አሉ በእንግሊዝኛ። አስገብተው የድንች ሾርባና የቱፋህ ኬክ አቀረቡልን። ታሪኩ እስኪጠግብ ድረስ እየደጋገሙ ቀዱለት። ለምን እንደመጣሁ ሳይጠይቁ ሳህኑን ሁሉ አነሡና እጃቸውን አድርቀው ተቀመጡ።

"እየሞተ ነው፣ ወይዘሮ ኤልከ። አንድ ነገር ሊነግርዎ ይፈልጋል።"

"እሱ ሁልጊዜ የሚነግረው ነገር አለው። ጊዜው ካለፈ በኋላ።"

"ባይሰሙት እንኳ ቢያዩት።"

"ልጄ መቃብር የለውም፣ ደሳለኝ። ያኔ ቤቴ ሰው አልተቀመጠም። አበባ ላኩ። ቤቱ በሙሉ አበባ ሆነ፤ ሰው ግን የለም። እሱም የለም፣ ቢሮው ነው። አበባው ሲጠወልግ እኔ ብቻዬን አውጥቼ ጣልኩት።" ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ ሰው ቤት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። "አልመጣም።"

ኬኩን ለሶስና ብለው ጠቀለሉልኝ። መኪናው ድረስ ሸኙንና፣ ልንነሣ ስንል መስኮቱን አንኳኩ።

"የተኛበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ነው?"

"ዝግ ነው። ብርድ እንዳይገባበት ነርሷ ዘግታዋለች።"

"ክፈቱለት። የተዘጋ ክፍል አይችልም፤ በልጅነቱ ከሸሸበት መርከብ ጊዜ ጀምሮ አይችልም።"

ዓርብ ሄጄ እንደማይመጡ ነገርኩት። ዋሽቼ "እያሰቡበት ነው" ልለው በትራም ስሄድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ አልቻልኩም።

"እሺ፣" አለ። ቆይቶም "ቤቷ ይሞቃል?" አለኝ።

"ይሞቃል።"

"ጥሩ።"

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩት። ቀዝቃዛው አየር ገባ፤ ከወንዙ የጭቃ ሽታ ይዟል። ጋሽ ኢያቄም ደረቱ ሲሰፋ አየሁ።

"ይህን ማን ነገረህ?"

"እሳቸው።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆየ፤ ነርሷ መጥታ ልትዘጋ ስትል በእጁ ከለከላት።

ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ ሞተ። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ትንፋሹ እየራቀ እየራቀ ሄደ፤ የሚቀጥለውን ስንጠብቅ ሳይመጣ ቀረ። አገሬ ቢሆን ጎረቤት ይሰበሰብ፣ ድንኳን ይተከል ነበር። እዚያ ነርሷ ስልክ ደወለች፤ ሁለት ጥቁር የለበሱ ሰዎች በዝምታ መጥተው ወሰዱት። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። የት እንደምቀመጥ ጠፋኝ። የሾርባ ሳህኑን አጠብኩ፤ ከዚያ ደግሞ አጠብኩት።

ቀብሩ የሆነው በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ ነው። ሻንጣዬ አሁንም የለም፤ የታሪኩን ሙሉ ልብስ ለበስኩ፣ ሕሊና ሱሪውን ከታች አጥፋ ሰፋችልኝ። ከሥራ ባልደረቦቹ በሕይወት ያሉት ሁለት ሽማግሌዎችና ነርሷ ብቻ ይመጣሉ ብዬ አዝኜ ነበር። መቃብሩ ስንደርስ ግን የሕሊና ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዝናቡ ውስጥ ተሰልፈዋል። ፈረቃቸውን የለወጡ፣ ከነሥራ ልብሳቸው የመጡ አሉ። ከፊት የቆሙት እትዬ አመለወርቅ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ታላቅ እናት።

"ጸሎት አይፈቀድም እትዬ፣ ሟቹ ከልክሏል፣" አልኳቸው አፍሬ።

"ሰምተናል። ሰው በሦስት ሰው አይቀበርም። ዝም ብለን እንቆማለን።"

ቆሙ። መዝሙር የለመደ ሕዝብ ሳጥኑ ሲወርድ አፉን ዘግቶ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ሲወርድ ብቻ ይሰማል። ቀና ስል ከኋላ፣ ከሁሉም ራቅ ብለው ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሴት ቆመዋል። ወይዘሮ ኤልከ ናቸው።

ሰው ሲበተን ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ተሠቃየ?"

"ተሠቃየ።"

"ምን ሊነግረኝ ነበር?"

አትንገራት ብሎኝ ነበር። የሚናገረው እሱ ነበራ፤ አሁን እሱ የለም። ትንሽ አመነታሁና ነገርኳቸው፤ ስለ ጫማው፣ ስለ ባዶው ቦታ፣ ስለ በሩ። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

"ባዶውን እኔም አየሁት፣" አሉ። "እሱ ከወጣ በኋላ። ጫማው ስለሌለ ጥሩ አጋጣሚ ነው ብዬ ሥሩ የሚጠራቀመውን አሸዋ ጠረግኩት።"

ሕሊና መጥታ ክንዳቸውን ያዘችና "ከእኛ ጋር ይመጣሉ፣" አለቻቸው። እንቢ የማለት ጉልበት ያላቸው አይመስልም ነበር።

ፍሌሚንግተን ስንደርስ እዝን የያዙ ሴቶች ድስት ድስታቸውን ተሸክመው ሊፍቱን ሞልተውታል። ሳሎኑ ጠበበ፤ ሶስና ወንበር ከጎረቤት አመጣች። ወይዘሮ ኤልከ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው የሚነሣ ሰው አቀማመጥ ነው። ማንም ስላላወቃቸው እትዬ አመለወርቅ በሕሊና አስተርጓሚነት ጠየቋቸው።

"እናቴ፣ ሟቹ ለእርስዎ ምንዎ ነው?"

ወይዘሮ ኤልከ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ መሬት አዩ።

"ባሌ ነው።"

ሕሊና ስትተረጉም ሶፋው ላይ የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ቦታ ለቀቁ፤ መሀል ላይ አስቀመጧቸው። እትዬ አመለወርቅ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

"ልጅስ ወልዳችኋል?"

"አንድ።"

"ማን ይባላል?"

"ማቲያስ።"

"የት ነው ያለው?"

ሕሊና ጥያቄውን ታሻግረው ወይስ ትተወው ጨንቋት ወደ እኔ አየች። ወይዘሮ ኤልከ ግን ከእትዬ አመለወርቅ ፊት ገብቷቸው ነበር፤ ሳይጠበቅ አሰብ ሳሉ በለመዷት አማርኛ "ባሕር" አሉ፣ ያችኑ አንዲት ቃል።

እትዬ አመለወርቅ "ወይኔ ልጄን፣ ወይኔ ማቲያስን" ብለው አለቀሱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጨርሶ ያላዩትን ልጅ፣ እንደ ትናንት የሞተ አድርገው፣ በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ኤልከ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡና ካፖርታቸውን አወለቁ።